ትዊድን የጣለው ሥዕሉ ነው ወይስ የሂሳብ መዝገቡ?

የሚኪ እናት (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው። አስተማሪው አንድ የድሮ ካርቱን ሰጥታው «ተንትነህ አምጣ» ብላዋለች። ሃርፐርስ ዊክሊ ከሚባል መጽሔት የተወሰደ ነው፤ ኦገስት 19 ቀን 1871 ይላል። ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። እያንዳንዱ አጠገቡ ወዳለው ሰው ይጠቁማል። ከሥር «የሕዝቡን ገንዘብ ማን ሰረቀ?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ «እሱ ነው!» ነው። ከፊት ጢማም፣ ቦርጫም ሰውዬ ቆሟል። ሳየው ሳቄ መጣ። ሰዎቹን ባላውቃቸውም ነገሩን አውቀዋለሁ።

የከበደኝ ከዚያ ያለው ነው። የአስተማሪዋ ወረቀት «ቶማስ ናስት ቦስ ትዊድን በካርቱን ጣለው» ይላል። እኔ ደግሞ በሥዕል የወደቀ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም። ሚኪን እንዲህ ስለው «እማ፣ ተጽፏል እኮ!» ይለኛል። ተጽፏል ካለ አለቀ።

ሌላው፣ እነዚህ ሥዕሎች ለምንድነው ጽሑፍ የሚበዛባቸው? የሰው ጀርባ ላይ ሳይቀር ይጻፋል እንዴ? ደግሞ ይሄ ናስት የሚባለው ጥሩ ሰው ነበር ወይ? ሚኪ ጀግና አድርጎ ሊጽፈው ነው። ማስረከቢያው ሰኞ ነው።

ታዛቢው፦

ካርቱኑ ነው እንጂ የጣለው፣ ምን ጥያቄ አለው! ትዊድ ራሱ እኮ «ጋዜጣ የፈለገውን ይጻፍብኝ፣ የኔ መራጮች ማንበብ አይችሉም፤ እነዚያን የተረገሙ ሥዕሎች ግን አስቁሙልኝ፣ ሥዕል ያያሉ» ብሏል። ባለቤቱ ካመነ እኛ ምን አገባን? ሚኪ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

የፊደል ለቃሚው (ኒው ጀርሲ)፦

እህቴ፣ ጥርጣሬሽን ወድጄዋለሁ። ታዛቢው ወንድማችን ያመጣት ንግግር ትጣፍጣለች። ግን «ብሏል ይባላል» የምትባል፣ ከሰው ሰው የዞረች ንግግር ናት። ደግሞ ነገሩ ራሱ ያፈርሳታል፤ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ማተሚያ ቤት ነው። አዲስ አበባ የእርሳስ ፊደል ከመልቀም ጀምሬ እስከ ኦፍሴት ደርሻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የናስት ቤት ከነበረበት ከሞሪስታውን ብዙም አልርቅም። እዚያ ማኩሎክ ሆል የሚባል ሙዚየም አለ፤ የናስትን ሥራዎች በብዛት ይዟል። ስለዚህ የማወራው ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ትዊድ ከንቲባ አልነበረም። ታማኒ ሆል የሚባለው የኒውዮርክ ዴሞክራቶች ድርጅት አለቃ ነበር። ከንቲባው ኦኪ ሆል፣ የሂሳብ ሹሙ ሪቻርድ ኮኖሊ፣ ፒተር ስዊኒም የእሱ ሰዎች ነበሩ። ኮኖሊን ሰው «ሙልጭልጩ ዲክ» ይለው ነበር። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ለከተማው የሠራ ተቋራጭ ሂሳቡን አባዝቶ ያቀርባል። ከተማው ይከፍላል። ትርፉ ዞሮ አለቆቹ ኪስ ይገባል። ዋናዋ የምትታለበው ላም ደግሞ ቼምበርስ ጎዳና ላይ ይሠራ የነበረው ፍርድ ቤት ነበረች። በ1858 ሲታቀድ 250 ሺህ ዶላር ይበቃዋል ተብሎ ነበር። ሲቆይ ከ12 ሚሊዮን በላይ ጠጣ። አሜሪካ በ1867 አላስካን በሙሉ ከሩሲያ የገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ነው፤ አስቢው። አንድሩ ጋርቪ የሚባል ለሳኝ ለሁለት ቀን የልስን ሥራ 133,187 ዶላር ተከፍሎታል ተብሎ ወጣ። ሕንፃው ዛሬም አለ። ሰው «የትዊድ ፍርድ ቤት» ይለዋል።

ናስት ነገሩ ሳይሸተው አልቀረም። ከ1871 በፊትም ታማኒን ይሸነቁጥ ነበር። ግን እጁ ላይ ቁጥር አልነበረውም። ቁጥር የሌለው ሥዕል ደግሞ ያው ስድብ ነው፤ የስድብ ሥዕል በዚያ ዘመን ሞልቶ ነበር።

ቁጥሩ የመጣው በአደጋ ነው። በጃንዋሪ 1871 ጄምስ ዋትሰን የሚባል የካውንቲው ኦዲተር በበረዶ ላይ በሚሄድ የፈረስ ጋሪ አደጋ ደረሰበትና ሞተ። የምስጢሩን መዝገብ የሚይዘው እሱ ነበር። እሱ ሲሞት ሽግሽግ ተደረገ። ማቲው ኦሩርክ የሚባል የሂሳብ ሠራተኛ መዝገቡ እጁ ገባለት። ገለበጠው። ከታማኒ ጋር የተጣላ የቀድሞ ሸሪፍም፣ ጄምስ ኦብራየን፣ የራሱን ቅጂ ይዞ ነበር። ሁለቱም ወረቀታቸውን ይዘው ኒውዮርክ ታይምስ ዘንድ ሄዱ። ጋዜጣው በጁላይ ቁጥሩን ዘረገፈው። ጁላይ 29 ቀን ደግሞ ልዩ እትም አወጣ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በጀርመንኛም ጭምር። በከተማው ጀርመናዊ ስደተኛ ብዙ ነበራ።

አሁን የልጅሽ ካርቱን ላይ ያለውን ቀን እዪው። ኦገስት 19። መጀመሪያ መዝገቡ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥዕሉ። ክብ ሠርተው የቆሙት ትዊድና ሦስቱ ጓደኞቹ ብቻ አይደሉም። ለሳኙ ጋርቪ አለ፤ የቤት ዕቃ ነጋዴው ኢንገርሶል አለ። ታይምስ ላይ ዓምድ ሙሉ ቁጥር ሆነው የተደረደሩት ሰዎች ናቸው እዚህ ቆመው ጣት የሚቀስሩት። ቁጥሩን ያላነበበ ሰው ሥዕሉን አይቶ ይስቃል፤ ምኑ እንደተሰረቀ ግን ከሥዕሉ አያገኘውም።

ስለ ጽሑፉ ብዛት የጠየቅሽው የኔ ሙያ ነው፣ እዚህ ላይ ልንዘባዘብ። በ1871 ፎቶግራፍ አለ። ፎቶን በቀጥታ ጋዜጣ ላይ ማተም ግን ገና ነው። ስለዚህ ተራው ሰው የባለሥልጣኑን ፊት አያውቀውም። ስሙን ያነባል፣ ወይም ይሰማል። ፊቱን ግን በመንገድ ካላለፈበት በምን ያየዋል? ሰዓሊው ደረት ላይ፣ ቦርሳ ላይ፣ ጀርባ ላይ ስም የሚለጥፈው ለዚያ ነው። በ1872 ምርጫ ሆራስ ግሪሊ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ምክትሉ ግራትዝ ብራውን የሚባል ሰው ነበር። ናስት የብራውን ምስል በእጁ አልነበረውም። ምን አደረገ? የግሪሊ ኮት ጭራ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቷ ብራውን ሆነች። ምስሉ ሲገኝለት እንኳ አልቀየረውም፤ እየደጋገመ ያንኑ ወረቀት ይስላት ነበር። ሰውዬው ምርጫውን ሙሉ ጨርቅ ላይ እንደተንጠለጠለ ወረቀት ሆኖ አለፈ።

ሥዕሉ የሚቀረጸው በእንጨት ነው። ቦክስዉድ የሚባል ጠንካራ እንጨት። ናስት ነጭ በተቀባው እንጨት ላይ በእርሳስ ይስላል፤ ያውም ግራና ቀኙን ገልብጦ፣ ያለበለዚያ ሲታተም ይገለበጥበታል። የዛፉ ግንድ ቀጭን ስለሆነ ለትልቅ ገጽ ብዙ ትናንሽ እንጨቶች በብሎን ይያያዛሉ። ተስሎ ሲያልቅ ይፈታና ለየቀራጩ ይታደላል። አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ኮቱን ይይዛል። የእርሳሱን መስመር ይተውና ነጩን ይፈለፍላል። ሲጨርሱ ተመልሶ ይታሰራል። ከዚያ በመዳብ ይገለበጥና ማሽን ላይ ይወጣል። የመጽሔቱን ገጽ በደንብ አጉልተሽ ብታዪው አልፎ አልፎ ቀጥ ያለች ቀጭን ነጭ መስመር ታገኛለሽ። መጋጠሚያው ናት። እኔ ሙዚየም ስሄድ ሥዕሉን ትቼ እሷን ስፈልግ ነው የምውለው፤ ባለቤቴ ተስፋ ቆርጣ ውጭ ትጠብቀኛለች።

ወደ ትዊድ ልመለስ። ናስት በዚያ መኸር አላረፈም። ሴፕቴምበር 23 ትዊድንና ጓደኞቹን ገደል አፋፍ ላይ ማዕበሉ እስኪያልፍ የሚጠብቁ ጥንብ አንሳዎች አደረጋቸው። ኦክቶበር ላይ የትዊድን አካል ስሎ ጭንቅላቱን የገንዘብ ከረጢት አደረገው። የዶላሩ ምልክት ዓይንና አፍንጫ ሆነ። የኔ ምርጫ ይቺ ናት። ስም አልተጻፈባትም ብትባል እንኳ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ኖቬምበር 11 ደግሞ ነብር በስታዲየም መሐል ሴትየዋን፣ አሜሪካን ማለት ነው፣ ረግጦ ወደ ተመልካቹ ያገሳል። ትዊድ እንደ ሮማ ንጉሥ ከላይ ያያል። ነብሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ትዊድ በወጣትነቱ የሠራበት የእሳት አደጋ ቡድን ምልክት ነበር። ምርጫው ኖቬምበር 7 ነበረ፤ መጽሔቱ ግን ሽፋኑ ላይ ወደፊት ያለ ቀን እየጻፈ ቀድሞ ስለሚወጣ ሰው ነብሩን ያየው ከምርጫው በፊት ነው።

ታማኒ በዚያ ምርጫ ክፉኛ ተመታ። ትዊድ ራሱ ግን ተመረጠ! ለኒውዮርክ ግዛት ሴኔት፣ በራሱ ሰፈር ሕዝብ። ታዛቢው፣ ለዚህ ነው ጥቅሷ አትዋጥልኝም ያልኩህ። ማንበብ አይችሉም፣ ሥዕል ግን ያያሉ የተባሉት መራጮች ሥዕሉን አይተው ነው የመረጡት። ሥዕሉ የሠራው በሌላው ላይ ነው፤ ግብር በሚከፍለው፣ መጽሔት በሚገዛው፣ ጋዜጣውን አንብቦ በተበሳጨው ላይ። የሃርፐርስ ዊክሊ ገበያ በዚያ ዘመቻ ሦስት እጥፍ አደገ ይባላል።

እስር ቤት ያስገባውም ፍርድ ቤት ነው። በ1873 ተፈረደበት። በይግባኝ ቅጣቱ ተቀነሰለት፣ ወጣ፤ የኒውዮርክ ግዛት ገንዘቡን መልስ ብሎ ከሰሰው፣ ተመልሶ ገባ። በዲሴምበር 1875 ቤተሰቡን ሊጠይቅ ተፈቅዶለት በሄደበት ከጠባቂዎቹ አምልጦ ጠፋ። በኩባ በኩል ስፔን ደረሰ። ወደብ ላይ ቪጎ ከተማ ያዙት። በምን አወቁት? ናስት ጁላይ 1 ቀን 1876 ባወጣው ሥዕል ነው። ትዊድ የእስረኛ ልብስ ለብሶ ሁለት ትናንሽ ልጆችን ጨምድዶ ይዟል። ናስት ማለት የፈለገው ትልቁ ሌባ ትንንሾቹን ሌቦች ለሕግ ላቅርብ ይላል ነው። ስፔኖቹ ግን ልጆች የሚሰርቅ ወንጀለኛ ነው ብለው ነበር አሉ። ቅኔውን አልፈቱትም፣ ፊቱን ግን አልሳቱም። በ1878 ሉድሎው ጎዳና ባለው እስር ቤት ሞተ።

ስለዚህ ለሚኪ እንዲህ ብዬ ነው የምመልስለት፦ የከሰሰው መዝገቡ ነው፣ ሥዕሉ ፊት ሰጠው። ቪጎ ላይ ያስያዘው ያ ፊት ነው።

ሀና (ኦክላንድ)፦

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን የሚኪ እናት ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱላት ዘለሉ። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር ወይ?

ሚኪ አየርላንዶችን እንዴት እንደሚስላቸው ይይ። ናስት የአየርላንድ ስደተኛ ሲስል ፊቱን የዝንጀሮ ያደርገዋል፤ ጠርሙስና ዱላ ያስይዘዋል። ካቶሊክ በመሆናቸውም አይምራቸውም። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1871 ባወጣው ሥዕል ጳጳሳት አዞ ሆነው ከወንዝ ወደ ትምህርት ቤት ልጆች ይሳባሉ። የተከፈተው አፋቸው የጳጳስ ቆብ ነው። አቀራረቡ ግሩም ነው፣ ነገሩ ግን ያስጠላል። ይሄ የወጣው እኮ በዚያው ትዊድን በሚቀጠቅጥበት ወር ነው።

ለምን አየርላንዶቹ ታማኒን እንደመረጡ አንድም ቦታ አይስልም። እኔ በስደት የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይገባኛል። ከመርከብ የወረደ ሰው ሥራ ማን ሰጠው? በክረምት ከሰል ማን አደለው? የዜግነት ወረቀቱን ማን አስጨረሰለት? የታማኒ የሰፈር ሰው ነዋ። በምላሹ ድምፁን ወሰደ። ሌብነት ነው፣ አልክድም። ግን ለዚያ ሰው ከከተማው የመጣ ሌላ እጅ አልነበረም። ናስት ራሱ ስደተኛ ነው እኮ! ጀርመን፣ ላንዳው ተወልዶ በልጅነቱ ነው ኒውዮርክ የመጣው።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ልበል። ፌብሯሪ 18 ቀን 1871 አንድ ቻይናዊ ግድግዳ ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሴትየዋ አሜሪካ ከፊቱ ቆማ ሊደበድቡት የመጡትን ትመልሳለች። ግድግዳው ቻይናውያንን በሚሳደቡ ወረቀቶች ተሞልቷል። እዚህ እኛ ጋ ሳን ፍራንሲስኮ ይታተም የነበረው ዘ ዋስፕ መጽሔት ግን ተቃራኒው ነው። ኖቬምበር 1881 ጆርጅ ኬለር የነጻነት ሐውልትን አስመስሎ ለሳን ፍራንሲስኮ ወደብ የሚሆን ሐውልት ሳለ፤ የቆመው የተጎሳቆለ ቻይናዊ ነው፣ ከራሱ ዙሪያ የሚወጡት ጨረሮች በሽታና ርኩሰት ተጽፎባቸዋል። የኒውዮርኩ ሐውልት ገና አልተተከለም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ ወጣ።

እና ጀግና የምትለዋን ቃል ሚኪ ቢያወጣት ደስ ይለኛል።

የሚኪ እናት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሀናዬ አንቺም። ስፔን የተባለውን ለሚኪ ሳነብለት ስልኩን አስቀመጠ፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዝንጀሮዎቹን አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ለምን አስተማሪዋ አልነገረችንም?» አለኝ። አሁን ሌላ ጠየቀኝ፦ ናስት የራሱን ፓርቲ ሰዎች ስሎ ያውቃል ወይ? እና የሪፐብሊካኖቹን ዝሆንና የዴሞክራቶቹን አህያ የፈጠረው እሱ ነው የሚሉትስ?

የፊደል ለቃሚው፦

ሀና ልጄ፣ ዘልዬው ነበር፣ ልክ ነሽ፤ አንቺ ከኔ በተሻለ መለስሽው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የጥቁር አሜሪካውያንን ነገር። ኦገስት 5 ቀን 1865 ናስት አንድ እግሩን በጦርነት ያጣ ጥቁር ወታደር ሳለ። ለእሱስ የመምረጥ መብት አይሰጠውም ወይ ብሎ አገሩን ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ይሄ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ማርች 14 ቀን 1874 ደግሞ ያው እጅ የደቡብ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ያሉ ጥቁር ተመራጮችን ከንፈር አስረዝሞ፣ እንደሚጣሉ ልጆች አድርጎ ሳላቸው። ሴትየዋ አሜሪካ በላያቸው አለንጋ ይዛ ቆማለች። ዘጠኝ ዓመት ነው በመካከላቸው። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ማየት ይከብዳል።

የሚኪ ጥያቄ ጥሩ ናት። ናስት ሪፐብሊካን ነበር፤ ዩሊሲስ ግራንትን ይወደው ነበር። በግራንት ዘመን የውስኪ ቀረጥ የሚሰርቅ ቡድን ተገኘ፤ የፕሬዚዳንቱ የቅርብ ጸሐፊ ሳይቀር ተከሰሰ። ናስት ለትዊድ ከሰጠው ብዕር ሩቡን እንኳ ለዚህ አልሰጠም። ግሪሊን ግን በ1872 አላሳረፈውም። ግሪሊ ሚስቱ ምርጫው ሊደርስ ሲል ሞተችበት፤ እሱም ከተሸነፈ በኋላ በዚያው ወር ሞተ። አንዳንዶች የናስት ሥዕሎች ናቸው የገደሉት አሉ። እኔ አልልም። ግን ሌባ ለማጋለጥ የተሳለ ብዕር በሌባም፣ ሌባ ባልሆነም ላይ እኩል እንደሚቆርጥ እዚያ ይታያል።

በሌላ በኩል አንዴ የራሱን ፓርቲ ከድቷል። በ1884 ሪፐብሊካኖች ጄምስ ብሌንን ሲያቀርቡ አልደግፍም ብሎ ወደ ዴሞክራቱ ክሊቭላንድ ሄደ። ብዙ አንባቢ አጣ። በዚያው ዓመት ግራንት ሸሪክ የነበረበት የባንክ ድርጅት ሲከስር የናስት ገንዘብም አብሮ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሃርፐርስ ወጣ። ሙያውም ተለውጦበት ነበር። እንጨቱ ቀርቶ ሥዕል በፎቶ መገልበጥ ሲጀመር በቀለም ብዕር እንዲስል ተገደደ። የእርሳሱ ልስላሴ ጠፋ፤ የኋለኞቹ ሥዕሎቹ ይሻክራሉ። ማሽን ተለውጦበት እጁ የጠፋበትን ሰው እኔም ማተሚያ ቤት አውቃለሁ። በመጨረሻ ቴዎዶር ሩዝቬልት ኢኳዶር፣ ጓያኪል ቆንስል አድርጎ ሾመው። በ1902 እዚያው በቢጫ ወባ ሞተ።

የጉቦውንም ታሪክ ለሚኪ ንገሪው፤ ልጅ ይወዳታል። ናስት ሲያወራው እንዲህ ነው። አንድ የባንክ ሰው መጣና «አውሮፓ ሄደህ ሥዕል ብትማር 100 ሺህ ዶላር ይገኝልሃል» አለው። ናስት ጨምርልኝ እያለ እስከ 500 ሺህ አደረሰው። ከዚያ «አልሄድም» አለ። ሃርፐር ቤትንም በሌላ መንገድ ነክተውታል። ድርጅቱ የትምህርት መጻሕፍት ያትም ነበር። የታማኒ ሰዎች የያዙት የከተማው የትምህርት ቦርድ መጻሕፍቱን አስወጣቸው። ዛሬ ያቺው ሥዕል የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ሆና ሚኪ ጋ መጣች።

አቤል (ኒውዮርክ)፦

አህያና ዝሆኑን እኔ ልመልስ። አህያውን ናስት አልፈጠረውም። የዴሞክራቶቹን እጩ አንድሩ ጃክሰንን ተቃዋሚዎቹ በ1828 ገና «አህያ» ብለው ሰድበውታል። ናስት በጃንዋሪ 1870 የሞተ አንበሳ የሚራገጥ አህያ ስሎ ነገሩን አስለመደው። ዝሆኑ ግን የእሱ ነው ቢባል ያስኬዳል። ኖቬምበር 7 ቀን 1874 ነው የወጣው። አንድ ጋዜጣ «ግራንት ለሦስተኛ ጊዜ ሊወዳደር ነው፣ እንደ ቄሳር ሊነግሥ ነው» እያለ ያስፈራራ ነበር። ናስት ጋዜጣውን የአንበሳ ቆዳ የለበሰ አህያ አደረገው። እንስሳቱ ሁሉ ደንግጠው ይሮጣሉ። ከመካከላቸው «የሪፐብሊካን ድምፅ» የተጻፈበት ትልቅ ዝሆን ጉድጓድ አፋፍ ላይ ይንገዳገዳል። ፓርቲው ኋላ ምልክቱ አድርጎ ኮራበት እንጂ ሥዕሉ ሙገሳ አልነበረም፤ በባዶ ጩኸት የሚበረግግ ዝሆን ነው።

ግን ወገኖች፣ ሁላችሁም ናስት ላይ ብቻ ተጣበቃችሁ። ለኔ የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ካርቱን የጆሴፍ ኬፕለር ነው። ቪየና ተወልዶ መጀመሪያ ተዋናይ የነበረ ሰው ነው። ፐክ የሚባል መጽሔት በ1876 በጀርመንኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛ ጀመረ። ዋጋው 10 ሳንቲም። በእንጨት አይደለም የሚያትመው፤ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ክሬዮን እየሳለ ነው፣ ኋላም በብዙ ቀለም። ጋሼ ስለ ድንጋዩ ከኔ በላይ ይነግሩናል።

ጃንዋሪ 23 ቀን 1889 የወጣውን ፈልጉት። የሴኔቱ አዳራሽ ነው። ሴናተሮቹ ከፊት ቁጭ ብለዋል፣ ትንንሽ ናቸው። ከኋላቸው ሆዳቸው የገንዘብ ከረጢት የሆነ ግዙፍ ሰዎች ቆመዋል፤ ዘይት፣ ብረት፣ መዳብ፣ ስኳር ተብሎ ተጽፎባቸዋል። በአንድ በኩል «የሕዝብ መግቢያ» የሚል በር አለ። ተቆልፏል። ኩባንያዎቹ የሚገቡበት ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። በዚያን ጊዜ ሴናተር የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን የየግዛቱ ምክር ቤት ነበር፤ እስከ 1913 ድረስ። ስለዚህ የተቆለፈው በር ቀልድ ብቻ አይደለም፣ ሕጉ ራሱ ነው። ትልልቆቹን ኩባንያዎች ለመግታት የወጣው የሸርማን ሕግ የመጣው በ1890 ነው። ይሄንን ሕግ ካርቱኑ አመጣው ብዬ ደግሞ አልልም፤ ጋሼ ይቆጡኛል።

በ1884 ደግሞ የፐኩ በርናርድ ጊላም ብሌንን ልብሱን አስወልቆ ፓርቲው ፊት አቆመው። ገላው ላይ ቅሌቶቹ ሁሉ እንደ ንቅሳት ተጽፈዋል። የሚያስቀው ጊላም ራሱ ሪፐብሊካን ነበር፤ በዚያው ዘመቻ ለተቀናቃኙ ለጃጅ መጽሔት ክሊቭላንድን የሚመታበት ሐሳብ ያቀብል ነበር ይባላል። ጃጅም በበኩሉ ክሊቭላንድ ከትዳር ውጭ ወለደ የተባለውን ሕፃን አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ሳለው። ክሊቭላንድ ኒውዮርክን ያሸነፈው ከ1,200 ባነሰ ድምፅ ነው። በእንዲህ ያለ ልዩነት ውጤቱን ምን እንደወሰነው መለየት አይቻልም፤ ንቅሳቱም፣ ሕፃኑም፣ የምርጫው ቀን ዝናብም ድርሻ አለኝ ሊል ይችላል።

የሚኪ እናት፦

አቤል፣ ሚኪ የተቆለፈውን በር ወደደው። ከትዊድ ጎን አስቀምጦ ሊያወዳድር ነው፤ አንዱ የሰረቀ ሰው፣ ሌላው በር የዘጋ ሕግ ብሎ። ጋሼ፣ ያሉት ነጭ መስመር ግን አልታየንም። ስልክ ላይ ስለሆነ ነው?

የፊደል ለቃሚው፦

በስልክ አይሆንም። የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ ትልቁን ፋይል አውርዱትና ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት። ፊት ላይ አትፈልጉ፣ ፊቱን ዋናው ቀራጭ ስለሚይዘው በደንብ ይደብቀዋል። ግድግዳ፣ ሰማይ ወይም ወለል ላይ ነው የሚገኘው። ሁለት ቦታ ጥላው በድንገት ሲደምቅና ሲደበዝዝ ካያችሁ የሁለት ሰው እጅ ነው። ካላገኛችሁ ደግሞ ተዉት፤ አንዳንዱ ቀራጭ ሙያተኛ ነበር።

አቤል፦

ኒውዮርክ ብቅ ካላችሁ ደግሞ ላፋዬትና ሂዩስተን ጎዳና ጥግ ላይ የፐክ ሕንፃ አለ። ቀይ ጡብ ነው። ከበሩ በላይ ባርኔጣ የደፋ፣ ወርቅ የተቀባ ሕፃን ቆሟል፤ የመጽሔቱ ምልክት ነው። መግቢያ አያስፈልገውም፣ ከመንገድ ይታያል።